በሕፃናት ክፍል የበዛ የሞኒተር አላርምን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

በሕፃናት ክፍል ከሚሰማው የሞኒተር (የልብ ምትንና የኦክስጅን መጠንን የሚከታተል መሣሪያ) አላርም አብዛኛው ርምጃ የማይጠይቅ ነው። ጉዳቱ ድምፁ ማወኩ ብቻ አይደለም፤ ሲጮህ የሚውል መሣሪያ ባለሙያውን ሳይታወቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ያሰኘውና እውነተኛው ጥሪ ሲመጣ ምላሹ ይዘገያል።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሕፃኑ ሞኒተር ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የብሮንኪዮላይትስ (የሳንባ ትንንሽ የአየር ቧንቧዎች ብግነት) መመሪያ እንኳ ሐኪሙ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ያለማቋረጥ ላለመከታተል ሊወስን እንደሚችል ይገልጻል። በየዕለቱ የሐኪሞች ጉብኝት ሞኒተሩ ለምን እንደተገጠመና መቼ እንደሚነሣ ተወስኖ በካርዱ ላይ ይጻፍ።

ቀጥሎ የአላርሙ ወሰን፣ ማለትም የሚጮህበት ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር፣ ከዕድሜና ከሕመም ጋር ይስተካከል። በደቂቃ 150 የልብ ምት ለጨቅላ የተለመደ ሲሆን፣ ተኝቶ ላለ ጎረምሳ ግን አሳሳቢ ነው፤ በአንጻሩ የጤናማ ጎረምሳ የልብ ምት በእንቅልፍ ከ60 በታች ሊወርድ ይችላል። ወሰኑ በሐኪም ትእዛዝ ይለወጥ፤ ተረኛ በተቀያየረ ቁጥርም ይረጋገጥ። ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ለሚተነፍስ ሕፃን የኦክስጅን መጠን ከፍተኛ ወሰን አላርም አያስፈልግም፤ ኦክስጅን የሚሰጠው ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ግን የበዛ ኦክስጅን ዓይኑን ስለሚጎዳ ይህ አላርም ፈጽሞ መጥፋት የለበትም።

ብዙ ድካም የሚያድነው ግን ቆዳው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። የኦክስጅን መለኪያው ሴንሰር በጨቅላው እግር ላይ ሲደረግ ብርሃን ሰጪውና ብርሃን ተቀባዩ ክፍሎች በትክክል መተያየት አለባቸው፤ እግሩ ከቀዘቀዘ ይሙቅ፣ ሴንሰሩ ከኃይለኛ መብራት ይከለል፣ ፕላስተሩም ደም እስኪያግድ አይጥበቅ። ሴንሰሩ የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ በታሰረበት እጅ ወይም እግር ላይ ከተደረገ ጨርቁ በተነፋ ቁጥር የሐሰት አላርም ይነሣል። የልብ ምት ለማንበብ ደረት ላይ የሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች ጄላቸው ሳይደርቅ፣ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በደረቀ ቆዳ ላይ ይለጠፉ፤ በየዕለቱ መቀየራቸውም ይጠቅማል። ቆዳው ስስ የሆነ ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ ግን ኤሌክትሮዱን መላጡ ስለሚያቆስለው በደንብ የማይይዘው ኤሌክትሮድ ብቻ ቢቀየር ይሻላል።

አክታ ሲመጠጥ ወይም ሕፃኑ ሲታጠብ አላርሙን ለጊዜው ጸጥ ማድረግ የሚቻለው ባለሙያው አልጋው አጠገብ እስካለ ድረስ ነው። አላርሙ ከመጮሁ በፊት የሚኖረውን የሰከንዶች መዘግየት ማራዘም ደግሞ የአንድ ነርስ ውሳኔ ሊሆን አይገባም፤ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የሕክምና መሣሪያ ባለሙያዎች በጋራ ይወስኑት፤ ከለውጡም በኋላ ዘግይቶ የታየ የሕፃን መድከም ካለ መዘግየቱ ወዲያውኑ ወደ ነበረበት ይመለስ።