ጨዋታ ሳያቋርጡ መግባት፣ ሳያስቀይሙ መውጣት

በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎችና በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሾች በሚካሄዱ የሙያና የንግድ ጉባኤዎች ላይ ጠቃሚው ትውውቅ በአብዛኛው የሚፈጸመው ጽሑፍ በሚቀርብበት ሰዓት ሳይሆን ለሻይ ቡና በሚሰጠው አጭር እረፍት ነው። ሰዉ ሦስትም አራትም እየሆነ በረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ይቆማል፤ ብቻውን የመጣ ሰው ደግሞ ሲኒውን ይዞ፣ ስልኩን እየነካካ፣ የሚጠጋው አጥቶ እረፍቱ ያልቅበታል። ለዚህ ዓይን አፋርነትን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ያደግንበት የሰላምታ ወግ በዋናነት የተበጀው ለቤት፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለማኅበር ነው፤ እዚያ ለሚገባው ሰው ተነሥተው «ኖር» ይሉታል፣ እሱም «በእግዜር» ብሎ የተሰጠውን ቦታ ይይዛል። ቆመው በሚያወሩ እንግዶች መሀል ግን ቦታ የሚሰጥ ባለቤት ስለሌለ፣ መጪው ራሱ ሳይጋፋ ማግኘት አለበት።

ከመጠጋትዎ በፊት አቋቋማቸውን ይመልከቱ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነጋገሩ ከሆነ ጉዳያቸው የግል ነውና ይለፏቸው። በአንድ በኩል ክፍት ትተው የቆሙና ዓይናቸው አልፎ አልፎ አዳራሹን የሚቃኝ ሰዎች ግን ሰው ቢጨመር አይከፉም። ቁጥራቸውም ለውጥ ያመጣል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ በራሳቸው ፈቃድ ተሰባስበው የሚያወሩ ሰዎች ከአራት ገደማ ሲበልጡ ወጉ ለሁለት ወደ መከፈል እንደሚያዘነብል አሳይተዋል። ስለዚህ ሦስት ሆነው የቆሙት ይሻላሉ፤ አምስት ስድስት ወደሆኑት ከሄዱ ግን ሁሉም እስኪቀበልዎ አይጠብቁ፣ ከአጠገብዎ ያለውን ሰው ማነጋገር ይበቃል። ከሁሉ የሚቀለው ብቻውን የቆመውን ሰው ሄዶ ሰላም ማለት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ለምን እንደሚያንስ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አስቸጋሪው እጅ መጨባበጡ ነው። በእኛ ዘንድ ከቆሙት መካከል አንዱን ሰላም ብሎ ሌላውን መዝለል እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ሁሉንም በየተራ መጨበጥ ደግሞ የሚናገረውን ሰው ወሬውን ያስጥለዋል። አንድ ቡና ላኪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከባንክ ጋር የገጠመውን ጣጣ እየተረከ ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ፣ አዲስ መጪ እጁን ዘርግቶ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ ያዳርሳል እንበል። አንዱ ሲኒውን ወደ ግራ እጁ ያዛውራል፣ ጣቱን ቅባት የነካው የእጁን አንጓ ይሰጣል፣ ሌላው ሳህኑን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል፤ በመጨረሻ ላኪው «ምን ላይ ነበርኩ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያስታውስለት ይጠፋል።

የእኔ ምክር ሰላምታውን ለሁለት መክፈል ነው። ሲደርሱ ከክበቡ ግማሽ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ይቁሙ፤ ዓይንዎ ከአንዱ አድማጭ ጋር ሲገጣጠም ቀኝ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው በዝምታ እጅ ይንሡና ያዳምጡ። ብዙውን ጊዜ አንዱ ትከሻውን ዘወር አድርጎ ይከፍትልዎታል። ታሪኩ ሲያልቅ ወይም ሳቅ ሲሆን፣ ያኔ «ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን እንዳላቋርጥ ብዬ ነው፤ ልቀላቀላችሁ?» ብለው ከታላቁ ጀምረው ሁሉንም ይጨብጡ። ከቡድኑ ውስጥ የቆየ ወዳጅ ቢኖርዎም ተቃቅፎ «ጠፋህ እኮ» እየተባባሉ ሌሎቹን ማስቆም አይገባም፤ እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ደቂቃ ያህል ቆመው ማንም ካልከፈተልዎ ደግሞ ቅሬታ ሳያሳዩ ወደ ቡናው ጠረጴዛ ማለፍ ነው።

ራስዎን ሲያስተዋውቁ ስምዎን ከአባትዎ ስም ጋር፣ ሥራዎንም በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይበቃል። «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» የሚለውን ሌላው ቢልልዎ ያምራል፤ ለሌሎች ግን ባጃቸው ላይ የተጻፈውን ማዕረግ አይንሷቸው፣ «አንተ በለኝ» እስኪሉም ድረስ «እርስዎ» ይበሏቸው። ወጣቶች በሚበዙበት የቴክኖሎጂ መድረክ ይህ ቶሎ ይላላል። የመጀመሪያ ቃልዎ ሲወራ ስለነበረው ጉዳይ የሚጠይቅ ይሁን እንጂ ስለ ድርጅትዎ አይሁን። ቢዝነስ ካርድን እንደ ቁማር ካርታ ለሁሉም ማደልም ሰውን ያሸሻል። የሚወራበትን ቋንቋ የማያውቁት ከሆነ «በአማርኛ አውሩ» ከማለት ሌላ ቡድን መፈለግ ይሻላል፤ ከተቀበሉዎት በኋላ እነሱ ራሳቸው ከቀየሩ ግን ማመስገን ነው። ምሳ ላይ ከሆነ ደግሞ «እንብላ» መባልዎን ሁልጊዜ እንደ ግብዣ አይውሰዱት፤ «መልካም ምግብ» ብለው ጥቂት ይቆዩ፣ ወንበር ከሳቡልዎ ይቀመጡ።

መውጣት ከመግባት ይከብዳል፤ የሚከብደውም ለእርስዎ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ሁለቱም ተነጋጋሪዎች በፈለጉት ጊዜ ያለቀው ውይይት ከመቶ 2 ያህል ብቻ መሆኑን አግኝቷል። ስለዚህ እርስዎ መሄድ ሲፈልጉ ሌላውም በትሕትና ታስሮ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ጥያቄ ቀርቦልዎ ሳይመልሱ ወይም በመካከላችሁ የነበረ ባለሥልጣን ዘወር እንዳለ ወዲያው መሄድ ያስወቅሳል። አንድ ጉዳይ እስኪቋጭ ይጠብቁና «በሉ እንግዲህ» ብለው መሄድዎን ያሳውቁ፤ ከዚያም ከሰሙት ነገር አንዱን ጠቅሰው ያመስግኑ፦ «ስለ ማሸጊያው የነገሩኝ ጠቅሞኛል፤ ሐሙስ እደውልልዎታለሁ።» ስልክ የምትለዋወጡ ከሆነ እዚያው ሚስኮል አድርገው ስሙን ከጉባኤው ስም ጋር ይመዝግቡት፤ «ቡና ጉባኤ» ተብሎ ያልተጻፈ ቁጥር በሳምንቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ብዙ ሰው ካለ ዙሩን እንደገና ሳይጨብጡ «ተጫወቱ» ብለው፣ እጅ ነሥተው፣ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው መዞር ይበቃል። ታላቅ ሰው ካሉ «ከፈቀዱልኝ» ይጨመርበት።

የማይመለሱ ከሆነ «መጣሁ» አይበሉ፤ ሰው ሲኒውን ይዞ ይጠብቅዎታል። ያልተደወለ ስልክ ጆሮ ላይ አድርጎ መውጣትም እንዲሁ ነው፤ አዳራሹ ጠባብ ስለሆነ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሌላ ጠረጴዛ ሲስቁ ያይዎታል። ሁለት ብቻ ሆናችሁ ከነበረ አንዱን ብቻውን ትቶ መሄድ ስለሚከብድ፣ «ከአንድ ሰው ጋር ላስተዋውቅዎ» ብለው ይዘውት ይሂዱ፤ ሁለቱን አስተዋውቀው ሥራቸውን የሚያገናኘውን ነገር በአንድ ቃል ከነገሯቸው በኋላ ቢለዩ ማንም አይቀየምም። የመድረክ መሪው ተሰብሳቢውን ወደ አዳራሹ ሲጠራ ግን ስንብት ሳያስረዝሙ መግባት ነው፤ «ምሳ ላይ እንገናኝ» የሚባለውም በእርግጥ የሚፈልጓቸው ከሆነ ብቻ ነው።