ፀረ-ፈንገስ ያላዳነው ቲማቲሜ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለው ጓሮዬ በበርሜል የተከልኳቸው ቲማቲሞች ከታች ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ይጠወልጉ ጀመር። ግንዱን ስሰነጥቀው ውስጡ ቡናማ ነው፤ ፉዛሪየም የሚባል የአፈር ፈንገስ ነው። ፀረ-ፈንገስ ሁለቴ ረጨሁ፣ ለውጥ የለም።

ነገሩ የገባኝ አፈሩ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ሳይ ነው። የጣና ውሃ ጨዋማ አይደለም፤ ጨው ያከማቸሁት ዩሪያ አብዝቼ፣ በርሜሉንም ሳልበሳ ቀርቼ ነው። ተክል ጨው ሲበዛበት አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያመርታል። ውሃ እንዲቆጥብ ይረዳዋል፤ ግን የበሽታ መከላከያውን የሚያነቃቃውን የሳሊሲሊክ አሲድ ሥራ ሊያዳክምበት ይችላል። በጨው የተጎዳ ሥርም ለፈንገስ በቀላሉ ይጋለጣል።

የታመሙትን ነቅዬ አቃጠልኩ። የቀሩትን በርሜሎች በስቼ ከሥር እስኪፈስ ደጋግሜ አጠጣሁ፤ ዩሪያውን ትቼ ኮምፖስት ጨመርኩ። የተረፉት አዲስ ቅጠል አውጥተዋል፣ ደስ ይላል! ፈንገሱ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ የታመሙት የነበሩበት በርሜል ላይ ጎመን ተክያለሁ።