ቬደርና ፓልፓቲንን እንደገና ለመፃፍ ከየት ልጀምር ለምትሉ

ስታር ዋርስ ላይ ፋንፊክሽን (በፊልሙ ገፀ ባህሪያት የራሳችንን ታሪክ መፃፍ) ስንሞክር ብዙዎቻችን የምናደርገው ምን መሰላችሁ፣ ዳርዝ ቬደርንና ጌታውን ኢምፐረር ፓልፓቲንን ወይ እንደ አባትና ልጅ እናፋቅራቸዋለን ወይ ገና ከመጀመሪያው ሲን እናናቁራቸዋለን። እኔም እንደዛ ነበር የምፅፈው፣ ሶስት ድራፍት ጥያለሁ። ስሜታቸውን ለጊዜው ተዉትና ማን ምን ያውቃል የሚለውን ቀይሩ፣ ጠቡ ከዛ ራሱ ይመጣል።

ፊልሙ ራሱ አድርጎታል እኮ። በፈረንጆቹ 1980 በወጣው ፊልም ላይ ኢምፐረሩ በሆሎግራም መጥቶ የስካይዎከር ልጅ ሉክ ጄዳይ (የነሱ ጠላት የሆነ ተዋጊ) መሆን የለበትም ይላል፣ ቬደር ደሞ ወደኛ ብናመጣው ይጠቅመናል ብሎ ያግባባዋል፣ ስካይዎከር የሚሉት ራሱ ቬደር እንደሆነ ግን ሁለቱም አፍ አውጥተው አይሉትም። በ2004ቱ ዲቪዲ ግን የኢምፐረሩን ተዋናይ ኢያን ማክዲያርሚድን አስገብተው ዳያሎጉን ነካኩት፣ ኢምፐረሩ ልጁ የአናኪን ስካይዎከር (የቬደር የድሮ ስሙ ነው) ነው ብሎ ቁጭ፣ ቬደርም እንዴት ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ሶስት መስመር ነች የተቀየረችው ግን መጀመሪያ ካርታቸውን የደበቁ ሁለት ቁማርተኞች ነበሩ፣ አሁን አንዱ ወሬ ነጋሪ ሌላው ሰሚ ሆነ። ወይ ደሞ ቬደር እያወቀ ነው የሚጠይቀው፣ እሱን እናንተ ወስኑ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። 2005 ላይ በወጣው ፊልም ፓልፓቲን ቬደርን ሚስትህን በንዴት የገደልካት አንተ ነህ ብሎታል፣ እሱም አምኖ ነው እነዛን ሁሉ አመታት ያገለገለው። ልጅ ካለ ግን ሚስቱ ፓድሜ ሳትወልድ አልሞተችማ! ይሄ ሀሳብ ተንበርክኮ ባለበት ጭንቅላቱ ውስጥ ሲገባ ፃፉት።

ቀጥሎ በአማርኛ ስለምንፅፍ ያገኘናት ጥቅም አለች። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ «ዩ» ነው ያለው፣ እኛ ጋ አንተም እርስዎም አለ። ቬደርን እርስዎ አስብሉት፣ ግን አክብሮቷ ውስጥ ቢላ ደብቁባት፦

«ልጁ የአናኪን ነው።»
«እናቱ መቼ ነበር የሞተችው ያሉኝ?»
«ረሳኸው እንዴ?»
«አልረሳሁም ጌታዬ።»

በቃ፣ መብረቅም ሰይፍም አላስፈለገም። (ኢምፐረሩን ጃንሆይ እንዳታስብሉት ብቻ፣ እኔ ሞክሬው ጓደኛዬ ሲያነበው ዴዝ ስታርን (የኢምፐረሩን የጠፈር ምሽግ) 4 ኪሎ አደረግከው ብሎ በሳቅ ሞተ።)

ፓልፓቲንንም ደደብ አታድርጉት። የቀድሞ ተማሪውን ዱኩን ግደለው ብሎ አናኪንን ያዘዘው እሱ ነው፣ ስለዚህ የዚህ ሰውዬ ተማሪ መጨረሻው ምን እንደሆነ ቬደር በገዛ እጁ ሰርቶ ያውቀዋል፣ ፓልፓቲንም ማወቁን ያውቃል፣ እና ሁለቱም ሉክን የሚፈልጉት ሌላኛውን ሊተኩበት ነው። ይሄን ከያዛችሁ ስለ ሃይል ደረጃ ብዙ አትጨነቁ።

መጨረሻዋ ላይ፣ የ1983ቱ ፊልም ላይ ቬደር ኢምፐረሩን አንስቶ የሚወረውርበት፣ በ2011 ብሉሬይ ቬደርን «ኖ» እያለ እንዲጮህ አርገውታል፣ ለኔ አበላሽተውታል። ዝም ብሎ ያንሳውና ይጣለው። አንተ ብሎ እንዲጠራው ከፈለጋችሁ ከዛ በፊት የሆነ ተራ ቦታ ላይ፣ ስለ መርከብ ምናምን እያወሩ ታምልጠው፣ ኢምፐረሩም ሰምቶ እንዳልሰማ ይለፋት።