ትሪካቱን በጎንደር ገበያ ቅመም ማዘጋጀት

አዩርቬዳ የሚባለው ጥንታዊው የሕንድ ሕክምና ከሚጠቀምባቸው ውህዶች መካከል ለጎንደር ጓዳ በጣም የሚቀርበው ትሪካቱ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት «ሦስቱ የሚያቃጥሉ» ማለት ሲሆን፣ እነርሱም ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና የሕንዱ ረጅም በርበሬ ናቸው። በሦስተኛው ምትክ አራዳ ገበያ የሚገኘውን ጥምዝ መውሰድ ይቻላል። ጥምዝ የሕንዱ በርበሬ የቅርብ ዘመድ እንጂ ራሱ ስላልሆነ፣ የሚገኘውም ውህድ የትሪካቱ ዘመድ ነው ማለቱ ይበልጥ ትክክል ነው።

አዩርቬዳ የምግብ መፈጨትን አግኒ በሚለው እሳት ይመስለዋል፤ ትሪካቱንም ይህ እሳት ሲደክምና ካፋ የሚለው ቀዝቃዛና ከባድ ባሕርይ አክታ ሆኖ ሲበዛ ያዝዛል። ይህ የባህሉ አገላለጽ ስለሆነ የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

ሦስቱም ሳይፈጩ ቢገዙ ይመረጣል፤ የተፈጨ ቅመም ምን እንደተቀላቀለበት ማወቅ ያስቸግራልና። ከቁንዶ በርበሬው ጥቂት ፍሬ ውኃ ውስጥ ጣል ቢደረግ ባዶው ይንሳፈፋል። ዝንጅብሉን በተመለከተ አዩርቬዳ እርጥቡንና ደረቁን እንደ ሁለት መድኃኒት ይቆጥራል፤ እዚህ የሚፈለገው ደረቁ ነው። በበጋ እርጥቡን ልጦና በስሱ ከትፎ በጥላ ማድረቅ ይቻላል፤ በክረምት ግን የጎንደር እርጥበት ሳይደርቅ ስለሚያሻግተው ደረቁን መግዛት ይሻላል።

ከእያንዳንዱ በሚዛን እኩል፣ ለምሳሌ 30 ግራም፣ ተወስዶ ለየብቻው ከተወቀጠ በኋላ በወንፊት ይነፋና ይቀላቀላል። በስፍር መለካት ግን ያሳስታል፤ የዝንጅብል ዱቄት ቀላል ስለሆነ መጠኑ ይዛባል። ሙቀጫው የቡና መውቀጫ ባይሆን ይመከራል፤ እኔ አንድ ጊዜ ተሳስቼ ቡናችን ሳምንት ሙሉ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ሲል ከርሟል።

አዋቂ ሰው የሻይ ማንኪያ ሩብ የሚሆነውን ከማር ጋር ለውሶ ከምግብ በፊት በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት ይወስዳል። አዩርቬዳ ማርን ማሞቅ ስለሚከለክል፣ በውኃ መጠጣት የሚፈልግ ሰው ውኃው ለብ እስኪል ጠብቆ ማሩን ይጨምር። ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በምንም መልኩ አይሰጥም።

የጨጓራ ቁስለት ወይም ቃር ያለበት ሰው ይህን ውህድ መተው አለበት፤ በአዩርቬዳም ቢሆን ፒታ የሚባለው ሙቀት የበዛበት ሰው እንዲርቀው ይመከራል። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፓይፐሪን የአንዳንድ መድኃኒቶችን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወይም የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ሴት፣ አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

ዱቄቱ በደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ተከድኖ ከምድጃ ርቆ ይቀመጣል። ከሁለት ወር በላይ የሚበቃ ማዘጋጀት አያስፈልግም፤ ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫን መቆንጠጥ ካቆመ ለወጥ ይዋል።