የቤተሰብን የመጠጥ ታሪክ እንዴት እንመርምር?

የአልኮል ጥገኝነት በዘር ይወረስ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከላቦራቶሪ በፊት የራሱን ቤተሰብ ቢመረምር ይሻላል፤ ጥገኝነትን ለብቻው የሚወስን አንድ ዘረመል የለምና። በመንትዮችና በማደጎ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት ግማሽ ያህሉ የብዙ ዘረመሎች ጥቃቅን ተጽዕኖ ድምር ነው።

በመጀመሪያ የሥጋ ዘመዶችን ብቻ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። በጋብቻ የመጣ ዘመድ አይቆጠርም፤ በማደጎ ያደገ ሰው ግን የወለዱትን እናትና አባት ታሪክ መፈለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1973 በዴንማርክ በወጣ ጥናት፣ ከአልኮል ጥገኛ ወላጅ ተወልደው በሕፃንነታቸው ለሌላ ቤተሰብ የተሰጡ ወንዶች ከሌሎቹ የማደጎ ልጆች በአራት እጥፍ ገደማ ተጋልጠው ተገኝተዋል።

ቀጥሎ አረጋውያንን ይጠይቁ። «እትዬ፣ አባባ ጠጪ ነበሩ ወይ?» ያለ ሰው «ምን በወጣቸው!» ከመባል በቀር የሚያተርፈው የለም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ «አባባ ጠዋት ስኒ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር? አንድ መለኪያ አረቄ ሳይቀምሱስ ሥራ ይጀምሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን ወሬውን ራሱ ያመጣዋል።

በወሎ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ የዘር ሐረግ መገኘታቸው የተለመደ በመሆኑ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቅሪቦ እንጂ ጠላም አረቄም ሳይቀምስ ያለፈ ሙስሊም አያት በብዙ ቤተሰብ ሊገኝ ይችላል። እኒህን አያት ከመጠጥ ያራቃቸው እምነታቸው ነውና፣ ስለ ዘረመላቸው የሚነግረን ነገር የለም፤ ስለዚህ ከስማቸው አጠገብ «ነፃ» ሳይሆን «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ስሕተት ሲጠጣ አድሮ የማይሰክረውን አጎት እንደ ጀግና መቁጠር ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ማርክ ሹኪት ወጣቶችን ለረጅም ዓመታት ተከታትለው እንዳሳዩት፣ መጠጥ ቶሎ የማይሰማው ሰው ኋላ ላይ ለጥገኝነት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ በቃህ የሚለው ምልክት ስለሚዘገይበት አብዝቶ ይጠጣል። በተቃራኒው፣ ጉበት አልኮልን ወደ አሴታልዴሃይድ ከለወጠ በኋላ ይህንን መርዛማ ውህድ የሚያስወግደው ኢንዛይም በብዙ የምሥራቅ እስያ ሰዎች ዘንድ ደካማ በመሆኑ፣ ጥቂት ሲጠጡ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው በፍጥነት ይመታል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ይህም ከጥገኝነት ይከላከልላቸዋል። ኢንዛይሙን የሚያደክመው የዘረመል ዓይነት በአፍሪካ የለም ለማለት ስለሚያስደፍር በእኛ አገር የሚተማመኑበት አጥር አይደለም።

ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ጥገኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ልጆች መጠጥ የሚጀምሩበትን ዕድሜ ማዘግየት፣ ከተቻለም ጨርሶ አለመጀመር ተጋላጭነቱን ይቀንሳል። አሁን በየዕለቱ የሚጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን በአንድ ቀን እንዲያቆም አያስገድዱት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል ሕመምን የመሰለ መንዘፍዘፍ፣ ከዚያም ለሞት የሚያደርስ መቃዠት ሊገጥመው ስለሚችል፣ መጠጡን ከመተዉ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።