የከተማ አውቶቡስን ከግል ድርጅት ጋር ሲያሠሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የከተማ አስተዳደር አውቶቡስ የሚገዛበት አቅም ሲያጥረው ወይም የራሱ የትራንስፖርት ድርጅት ኪሳራ ሲያስመርረው ወደ ግል ባለሀብት ፊቱን ያዞራል። በአገራችንም የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ከወጣ ወዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሕጋዊ መሠረት አለ። ሆኖም አዋጁ ውሉን አይጽፍልንም፤ ከሌሎች ከተሞች እንደታየው ደግሞ አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው የመጀመሪያው አውቶቡስ ከዴፖ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና በውሉ ላይ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የድርጅቱን ገቢ ሙሉ በሙሉ በተሳፋሪ ቁጥር ላይ ማንጠልጠል ነው። ከካዝና የሚወጣ ገንዘብ ስለሌለ አሠራሩ የከተማውን የፋይናንስ ኃላፊዎች ያማልላል። ነገር ግን ገቢው በጫነው ሰው ልክ የሆነ ሹፌር ሰው በበዛበት ፌርማታ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰው ያነሰበትን ዘሎ ያልፋል፣ ከፊቱ ካለው አውቶቡስ ጋር ይሽቀዳደማል፤ ሲመሽ ደግሞ ጭራሽ ከመስመሩ ይወጣል። የኮሎምቢያዋ ዋና ከተማ የቦጎታ ነዋሪዎች ይህን ሽሚያ «የሳንቲም ጦርነት» ይሉት ነበር። መስመር አቆራርጦ የሚጭን ታክሲ ያጋጠመው የአዲስ አበባ ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ሹፌሩና ረዳቱ እንዲያ የሚያደርጉት የዕለት ገቢያቸው ከዚያ ስለሚመጣ ነው። ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የፈጣን አውቶቡስ አገልግሎት ስትጀምር በዋና ዋና መስመሮች ለሚሠሩት የግል ድርጅቶች በተጓዙት ኪሎ ሜትር መክፈል ጀመረች። የቲኬት ሽያጩን ለሌላ ድርጅት ሰጠች፤ ገንዘቡም በአደራ ሒሳብ ገብቶ ከዚያ እንዲከፋፈል አደረገች። በዚህም ሹፌሩ ለአንድ ተጨማሪ ተሳፋሪ ብሎ የሚሽቀዳደምበት ምክንያት ተወገደ።

ከዚህ ስህተት የሸሹ አንዳንዶች ግን ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሄዳሉ። የቺሊዋ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 2007 ትራንሳንቲያጎ የተባለውን አገልግሎት ስትጀምር የድርጅቶቹ ገቢ አብዛኛው ዋስትና የተሰጠው ስለነበር አውቶቡሶቹን በሙሉ ለማሰማራት የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። በዚያ ላይ የመላው ከተማ መስመሮች በአንድ ቀን ተለወጡ፣ አውቶቡሶቹን በሳተላይት የሚከታተለው ሥርዓትም ገና አልደረሰም ነበር። ተሳፋሪው በየፌርማታው ረጅም ሰልፍ ያዘ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩም ከአቅሙ በላይ ተጨናነቀ። መስመሮችን በየተራ መክፈት ለምረቃ ሥነ ሥርዓት ባይመችም አንዱ ሲሰናከል ሌላውን ለማረም ጊዜ ይሰጣል።

የተሻለው መንገድ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለ ይመስለኛል። ለንደን እያንዳንዱን መስመር በጨረታ ትሰጣለች፤ የታሪፉ ገቢ ለከተማዋ ይሆንና ድርጅቱ በጨረታ ያቀረበው ዋጋ ይከፈለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በተሠራበት የውል ዓይነት መሠረት፣ አውቶቡስ ቶሎ ቶሎ በሚመላለስባቸው መስመሮች ላይ የሚለካው ተሳፋሪው በፕሮግራሙ ከሚጠበቀው በላይ ቆሞ ያባከነው ጊዜ ነበር። ድርጅቱ እንደ ውጤቱ እስከ 15 በመቶ ጭማሪ ሊያገኝ፣ ወይም እስከ 10 በመቶ ሊቀነስበት ይችል ነበር። በክረምት ዝናብ መገናኛ ላይ ተሰልፎ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መለኪያ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሌላው ስህተት ተሳፋሪው የሚከፍለውን ታሪፍና ድርጅቱ የሚያገኘውን ክፍያ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ታሪፍ የፖለቲካ ውሳኔ ስለሆነ ለዓመታት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል፤ ነዳጅ፣ ጎማና መለዋወጫ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ክፍያው ከነዳጅ ዋጋ፣ ከምንዛሪና ከደመወዝ ጋር የሚስተካከልበት ቀመር በውሉ ካልተጻፈ ብር በተዳከመ ቁጥር አውቶቡሶች በመለዋወጫ እጦት ዴፖ ውስጥ ይቆማሉ። ሳንቲያጎ ያለ ድጎማ ይሠራል ብላ የጀመረችው አገልግሎት በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቋሚ ድጎማ የሚፈቅድ ሕግ አስፈልጎታል።

ዴፖንም እንደ ተራ ጉዳይ የሚያዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው የዳሬ ሰላም ፈጣን አውቶቡስ ዋና ዴፖው በምሲምባዚ ወንዝ ሸለቆ፣ ጃንግዋኒ በተባለው ስፍራ በመሠራቱ ጎርፍ በተደጋጋሚ አጥለቅልቆታል። ቦታውን የሚመርጠው ከተማው ከሆነ የጎርፉንም ኪሳራ ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ነባሮቹን ባለታክሲዎች መርሳትም ብዙ ያስከፍላል። ጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ. በ2009 ሬያ ቫያ የተባለውን አገልግሎት ስትከፍት ከሚኒባስ ባለንብረቶች ጠንካራ ተቃውሞ ገጥሟት ነበር። ከረጅም ድርድር በኋላ በመስመሩ ይሠሩ የነበሩ ባለንብረቶች ታክሲያቸውን አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2011 አውቶቡሶቹን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ባለአክሲዮን ሆኑ። በእኛም ከተሞች ባለንብረቱ፣ ሹፌሩ፣ ረዳቱና ተራ አስከባሪው ከጨረታው ሰነድ በፊት ሊነጋገሩ ይገባል።

በመጨረሻ የሚዘነጋው የውሉ ማብቂያ ነው። የስምሪትና የቲኬት መረጃው የከተማው ንብረት መሆኑ፣ አውቶቡሶቹ በምን ዋጋና በምን የጥገና ደረጃ እንደሚተላለፉ፣ ሹፌሮቹም ወደሚቀጥለው ድርጅት እንዴት እንደሚሸጋገሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውሉ መኖር አለበት፤ አለበለዚያ ከተማው ለአዲሱ ጨረታ የሚቀርበው ዴፖም፣ አውቶቡስም፣ የመስመሮቹን ትክክለኛ የተሳፋሪ ቁጥር የሚያሳይ መዝገብም ሳይኖረው ነው።