የኮሪያንና የታይላንድን ድራማ በየሚዛናቸው ለመመልከት

የኮሪያን ድራማ ለምዶ ወደ ታይላንዱ የሚሻገር ተመልካች አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ክፍል ሳይጨርስ ይተወዋል። ምክንያቱን ሲጠየቅም «ይጮኻል፣ ይንዛዛል፣ የቤት ሠራተኞቹ ወሬ ያበዛሉ» ይላል። እኔም አንድ ዓመት ያህል እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። ኋላ ግን ጥፋቱ የድራማው ሳይሆን የእኔ እንደሆነ ገባኝ፤ ለአንደኛው አገር ሥራ የተቆረጠውን ሚዛን ይዤ የሌላውን ልመዝን ስሞክር ነበርና። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁለቱንም በየሚዛናቸው ለማየት የረዳኝን መንገድ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ድራማ ከመጀመርዎ በፊት ስንት ክፍል እንዳለው ይመልከቱ። በተለመደው የኮሪያ አሠራር አንድ ድራማ 16 ክፍል ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ60 እስከ 70 ደቂቃ ስለሚወስድ ጠቅላላው ከ16 እስከ 19 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ 12 ክፍል ብቻ ያላቸው እየበዙ መጥተዋል። ታሪካዊዎቹ ግን ከ50 ክፍል ሊያልፉ ይችላሉ፤ በ2003 የጀመረው «ዴ ጃንግ ጉም» 54 ክፍል አለው። የታይላንዱ ድራማ፣ በአገሬው አጠራር «ላኮን»፣ በብዛት ከ10 እስከ 20 ክፍል ይኖረዋል፤ ነገር ግን አንዱ ክፍል ከነማስታወቂያው ሁለት ሰዓት ገደማ የሚዘልቀውን የምሽት ሰዓት እንዲሞላ ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ያለፈው ትዕይንት ተመልሶ ሲታይ፣ ገጸ ባሕርይዋም በልቧ ያለውን ጮክ ብላ ስትናገር ደራሲው ተመልካቹን ስለናቀ አይምሰልዎ። እራት እያቀረበች፣ ልጅ እያስተኛች በመሐል ብቅ ለምትል እናት የተጻፈ ነውና፣ እርስዎም እንዲሁ ሥራ እየሠሩ ቢያዩት ይሻላል። የኮሪያውን ግን እጅዎን አጣጥፈው ይቀመጡበት፤ አንድ እይታ ካመለጠዎት ሦስት ክፍል ቆይቶ ይጎድልብዎታል።

ስለ ኮሪያው ርዝመት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቀድሞ አብዛኛው ድራማ እየተላለፈ የሚቀረጽ ስለነበር፣ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ጽሑፍ ከቀረጻው በፊት በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በዚያው ዕለት ይደርስ ነበር። በ2016 የታየው «የፀሐይ ዘሮች» ከመተላለፉ በፊት ተቀርጾ ማለቁ በጊዜው እንደ አዲስ ነገር ተወርቷል። ከዚያ በፊት የተሠራ ድራማ ከ13ኛው ክፍል በኋላ ድንገት ቢዝረከረክ፣ ተዋናዮቹ እንቅልፍ ያጡ መስለው ቢታዩ አይደነቁ፤ ምናልባት በእውነትም አልተኙም።

ለምርጫ ደግሞ ሁለቱ አገሮች የተለያየ መንገድ ይፈልጋሉ። ለኮሪያው የተዋናዩን መልክ ሳይሆን የደራሲዋን ስም ይከተሉ፤ «ደራሲዋን» ያልኩት ከታወቁት ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ሴቶች ስለሆኑ ነው። የፓርክ ሄ ዮንግን «ማይ ሚስተር» (2018) የወደደ ሰው «የነፃነቴ ማስታወሻ» የተባለውን የ2022 ሥራዋን ሳይጠራጠር ሊጀምር ይችላል፤ ሁለቱም ቀስ የሚሉ፣ የደከማቸውን ሰዎች ዝምታ የሚያዳምጡ ናቸው። ፓርክ ጂ ኡን በበኩሏ ሀብታምና ኩሩ ሴት በማታውቀው ዓለም ውስጥ ስትወድቅ ማሳቅ ታውቃለች፤ በ2019 በጀመረው «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» የደቡቧን ባለጸጋ ነፋስ ወስዶ ሰሜን ኮሪያ ውስጥ የጣላት እርሷ ናት። የሚወዱትን አንድ ድራማ ማን እንደጻፈው ያጣሩና ሌላውን ሥራዋን ይፈልጉ፤ ከዚህ የተሻለ መንገድ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ይህ ዘዴ ታይላንድ ላይ አይሠራም። እዚያ ብዙው ድራማ ከልብ ወለድ መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን፣ የታወቀው ታሪክ በየዘመኑ በአዳዲስ ተዋናዮች ደጋግሞ ይሠራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን መኮንንና የታይላንድ ወጣት ሴት ፍቅር የሚተርከው «ኩ ካም» ስንት ጊዜ እንደ ተሠራ ብንቆጥር ጣታችን አይበቃንም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የታይላንድ ተመልካች መጨረሻውን እያወቀ ነው የሚቀመጠው፤ የሚጓጓውም እነዚህ ሁለት ተዋናዮች የታወቀውን ነገር እንዴት እንደሚጫወቱት ለማየት ነው። ስለዚህ «መጨረሻውን ገና ከመጀመሪያው አወቅሁት» የሚለው ትችት እዚያ ትችት አይደለም። የተዋናዮቹን ጥምረት አይተው ይምረጡ፤ አንድ ጊዜ አብረው ሲሠሩ የተወደዱ ሁለት ተዋናዮች ደግመው መጣመራቸው አይቀርም።

አሁን ዋና ወደምለው ነገር ልምጣ፤ እርሱም ጆሮ ነው። አብዛኞቻችን እነዚህን ድራማዎች የምናያቸው በእንግሊዝኛ ሰብታይትል ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱታንና አንተታን አንድ ላይ ጨፍልቆ አንድ ቃል ያደርጋቸዋል። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ሰብታይትሉ የማይሰጠውን ነገር መስማት ይችላል። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። አንድ ምሽት ግን ከጎኔ ቁጭ ብላ የመሥሪያ ቤት ድራማ ስናይ፣ ልጅቷ ለአለቃዋ ስትናገር ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ «ዮ» የምትለውን ያን ቀን እንደተወችው እኔ ሳላስተውል እርሷ አስተዋለች። «ዛሬ አንተ አለችው፤ ወይ ተጣልተዋል ወይ ተዋደዋል» አለች። ሰብታይትሉ ላይ የተጻፈው «ቆይ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። እንደተባለውም ተዋደው ነበር።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች የንግግሩን ጅራት ያዳምጡ። በኮሪያኛ «ዮ» ወይም «ምኒዳ» ብሎ የሚያልቅ ንግግር ክብር ወይም ርቀት አለበት፤ ጅራቱ ሲቆረጥ ቅርበት፣ ንቀት ወይም ጠብ መጥቷል ማለት ነው። ቀጥሎ መጠሪያዎችን ይያዙ። «ኦፓ» ሴት ታላቅ ወንድሟን የምትጠራበት ቃል ነው፤ በዕድሜ የሚበልጣትን የቅርብ ወንድ፣ ፍቅረኛዋንም ትጠራበታለች። ሰብታይትሉ ግን የሰውየውን ስም ጽፎ ያልፋል። ስሙን እያነበቡ «ኦፓ» ሲሉ ከሰሙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተባለው መቼ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ደራሲዋ ያንን ቀን ስታመቻች ብዙ ገጽ ፈጅታለች። «ማይ ሚስተር» የሚለው የእንግሊዝኛ ርዕስም በዚሁ ምክንያት ይከሽፋል። ልጅቷ ሰውየውን የምትጠራው «አጆሺ» እያለች ሲሆን፣ በእኛ ቋንቋ ከ«ጋሼ» የሚቀርበው ያለ አይመስለኝም፤ «የኔ ጋሼ» ብለን ብናነበው ዘመድ የሌላት ልጅ ለማታውቀው ትልቅ ሰው የምትሰጠው ነገር ወዲያው ይገባናል።

ታይላንድም የራሷ አላት። «ፒ» ታላቅ፣ «ኖንግ» ታናሽ ማለት ሲሆን፣ ሰዎች ሌላውን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም በእነዚህ ቃላት ይጠራሉ፤ ወንዱ ለሚወዳት ሴት «እኔ» በማለት ፈንታ «ፒ» ሲል ታላቅነቱንና ቅርበቱን በአንድ ጊዜ ማወጁ ነው። በንግግር መጨረሻ ሴቶች «ካ»፣ ወንዶች «ክራፕ» የሚሉት የትሕትና ምልክት ነው፤ ክፉዋ ሴት ቁጣዋ ሲነሣ አስቀድማ የምትጥለው ይህንን ነው። አንድ የቆየ መጠሪያ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በ2018 የታየው «ቡፔ ሳኒዋት» አሳይቷል። የዘመናችን ሴት ነፍስ በ17ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ናራይ ጊዜ ወደ ነበረች ወይዘሪት ገላ ትገባለች፤ የጥንቷ የታይላንድ መናገሻ አዩታያ በነበረችበት በዚያ ዘመን «አንቺ» ለማለት ይነገር የነበረው «ኦ ጃው» የተባለው ቃል ድራማው በተላለፈበት ወቅት በአገሩ ሁሉ አፍ ገባ፤ ሰዎችም የጥንቱን ልብስ ለብሰው ወደ አዩታያ ፍርስራሽ ይጎርፉ ነበር። 15 ክፍል ብቻ ስለሆነና ቀልዱም ስለሚበዛ፣ ታይላንድን ለሚጀምር ሰው አስቀድሜ የምጠቁመው ይህንን ነው።

ከጆሮ ቀጥሎ እጅን ይመልከቱ። ኮሪያዊ ለትልቅ ሰው ሲቀዳ በሁለት እጁ ነው፣ ወይም ግራውን ከቀኝ ክንዱ ሥር ይደግፋል፤ ሲጠጣም ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ትልቅ ሰው ሲጨብጥ ክንዱን በግራ እጁ የሚደግፍ ኢትዮጵያዊ ይህን አስተርጓሚ ሳይፈልግ ይረዳዋል። «ዋይ» በሚባለው የታይላንድ ሰላምታ ደግሞ መዳፎች ይገጠማሉ፤ ታናሹ አስቀድሞ ያነሣል፣ ታላቁ ይመልሳል። ምራቲቱ ዋይ አድርጋ አማቷ ሳትመልስላት ከቀረች፣ የቀጣዮቹ አሥር ክፍሎች ጦርነት ታወጀ ማለት ነው።

ጉድለታቸውን በተመለከተ ሁለቱም ሕዝቦች ከእኛ ቀድመው ስም ሰጥተውታል። ኮሪያውያን የተደበቀ ልደት፣ የጠፋ ትውስታና የበቀል ጋብቻ የተደራረቡበትን ድራማ «ማክጃንግ» ይሉታል፤ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ የመጨረሻው ጫፍ ማለት ነው። ታይላንዳውያን «ናም ናው»፣ የሸተተ የረጋ ውኃ ይሉታል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ማክጃንግን እንደ ማክጃንግ አውቀው ካዩት ይዝናናሉ፣ ቁም ነገር ጠብቀው ከተቀመጡ ግን ይናደዳሉ። በሣቅ የማላልፈው አንድ ነገር ቢኖር ታይላንዶች «ቶፕ ቹፕ»፣ ማለትም ጥፊና መሳም የሚሉት ዓይነት ነው። ወንዱ በኃይል ይይዛታል፣ ትመታዋለች፣ ይስማታል፣ በመጨረሻም ፍቅር ነበር ይባላል። እዚያው አገር ውስጥም ሲወቀስ የኖረ ነው፤ በእኔ ቤት ልጆች ባሉበት አይከፈትም። በኮሪያውም የቆዩ ድራማዎች ሴቲቱን በእጅ አንጓዋ መጎተት የፍቅር ምልክት ሆኖ እናገኘዋለን፤ አዳዲሶቹ ቀንሰውታል።

ከቤተሰብ ጋር ለሚያይ ሰው በኮሪያው ማያ ገጽ ጥግ የሚወጣው ቁጥር በቂ መመሪያ ነው፤ 15 ከሆነ ለጎረምሶች ይሆናል፣ 19 ከሆነ ልጆቹ ይተኙ። በታይላንዱ ደግሞ 13 እና 18 የሚሉትን ይጠብቁ። ሲጋራው ደብዝዞ ቢያዩት ስልክዎ አልተበላሸም፤ ቴሌቪዥኑ ነው የሸፈነው። በኮሪያው ድራማ ሰዎቹ ከሚገባው በላይ አንድ ዓይነት ሳንድዊች ቤት እየተቀጣጠሩ ከሆነም ማስታወቂያ ነው፤ ከ2010 ጀምሮ በሕግ የተፈቀደ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት መሞከር የሚፈልግ ሰው «ፉል ሀውስ»ን ይውሰድ። ኮሪያ በ2004 ሠራችው፤ ታይላንድ በ2014 ደግማ ሠራችው። በሁለቱም ጓደኞቿ ያታለሏት ልጅ ቤቷን ታጣለች፣ ከዝነኛ ተዋናይ ጋርም በውል ትጋባለች። የሁለቱን የመጀመሪያ ክፍሎች ያውጡና ቤቷ እጇ ላይ እንደሌለ የምታውቅበትን ትዕይንት ፈልገው ጎን ለጎን ይዩ። ካሜራው ፊቷ ላይ ምን ያህል እንደቆየ፣ ሙዚቃው ከእንባዋ በፊት ይግባ በኋላ፣ ሰውየውን በምን እንደጠራችው በወረቀት ያስፍሩ። ከዚያ ሰብታይትሉን አጥፍተው አንድ ጊዜ ይድገሙት።